አራተኛው ጆሮ

የወርክሾፓችን የሬዲዮ ለኪ ስሟ የሚገኘው የዓመት ፈቃድ ፎርም ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ሁላችንም ሚዛን ነው የምንላት፤ ባሏ እንኳ ሲደውል «ሚዛን አለች?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። እኔ ንብረት ክፍሉን ስለምይዝ ንብረት እባላለሁ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሁለታችንንም «ልጆቼ» ይሉናል። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እሷም ከእኔ ብታንስ በጥቂት ነው።

ስለ እሷ ሳወራ አላዳላም ብዬ አልምልም፤ ግን ስንት ጊዜ ደሜን እንዳፈላችው ቢቆጠር ማዳላቴ ይቅር ይባልልኛል። «ኬብል፣ አንድ» ብዬ ጽፌ የላክሁትን ወረቀት ትመልስልኛለች። የትኛው ኬብል? ቁጥሩስ? መቼ ተፈተሸ? እያንዳንዱ ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ሻይ ስትጠጣ ስኳሩን በማንኪያ ጠርዝ አስተካክላ ነው የምትጨምረው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ አራት ደቂቃ ዘግይቶ ቤት ከገባ የት መስመር ላይ እንደተያዘ ታውቅበታለች ይባላል፤ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።

ሥራዋን ላስረዳ፤ እኔም ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛልና የሚያፍር አይኑር። የድሮ ሬዲዮ የተሠራው ለአንድ ሥራ ነው፤ ብረቱና ሽቦው የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው። ወደ እኛ የሚመጡት ግን በሶፍትዌር የሚሠሩ ናቸው። ሳጥኑ ለብቻው ምንም አይደለም፤ ምን ዓይነት ሬዲዮ እንደሚሆን የሚነግረው የተጫነለት ፕሮግራም ነው። ችግሩ፣ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ሳጥኖች እኩል አይሰሙም። አንዱ ትንሽ ያጋንናል፣ ሌላው ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ ሚዛን እያንዳንዱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ልኩ የታወቀ ምልክት ትልክበታለች፤ ሰማሁ የሚለውን ከላከችው ጋር ታስተያያለች፤ ልዩነቱን በፋይል ጽፋ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ታስቀምጥለታለች። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ የሰማውን ሁሉ በዚያ ፋይል እያረመ ነው የሚናገረው። ፋይሉ የተሳሳተ እንደሆነ በሙሉ ልቡ ይዋሻል።

ዋና ደንበኞቻችን የሐይቁ ነፍስ አድን ጣቢያዎች ናቸው። የእነሱ ሳጥን አራት አንቴና ይቀበላል፤ እኛ ጆሮ እንላቸዋለን። ከጀልባ የመጣ የድረሱልኝ ጥሪ አራቱ ጆሮዎች ላይ የሚደርስበት ቅጽበት እጅግ በጥቂቱ ይለያያል፤ ሳጥኑ ከዚያች ልዩነት ተነስቶ ጀልባው በየት አቅጣጫ እንዳለ ይናገራል። ለአንዱ ጆሮ የተጻፈው ማረሚያ ቢዛነፍ፣ ሊያድን የወጣው ጀልባ ከሰውየው ጎን አልፎ ይሄዳል። ሚዛን ይህን አንድም ቀን ረስታ አታውቅም።

ከእሷ በፊት የነበረው ሰው አዲስ ፋይል ሲሠራ አሮጌውን ያጠፋ ነበር። እሷ ግን ከመጣች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንድም አላጠፋችም። የሳጥኑ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የክፍሉ ሙቀት፣ በየትኛው ኬብል እንደተለካ፣ ማን እንደለካው ሁሉም አብሮ ይቀመጣል። የኮምፒውተር ሠራተኛው ቦታ ሞላብኝ ብሎ ባጉረመረመ ቁጥር የሰው ጠባይ በአንድ ቀን ይታወቃል ወይ ብላ ትመልሰዋለች።

አሁን ስለ ጣቷ። ሳጥኑን ከመለኪያው ጋር የሚያገናኙት ኬብሎች ጫፋቸው ላይ እየተሽከረከረ የሚጠብቅ ትንሽ የብረት ማሰሪያ አለ። ከላላ ምልክቱ መንገድ ላይ ይጎድላል፣ ይዛባልም፤ ከከረረ ጥርሱ ይበላል። ለዚህ፣ ጥብቀቱ ሲበቃ ቀጭ ብሎ የሚለቅ መፍቻ አለ፤ ደንቡም በእሱ እሰሩ ይላል። አንድ ዘመን መፍቻው ተሰብሮ አዲሱ እስኪመጣ ሁለት ወር ቆየን፤ ሚዛን በጣቷ እያሰረች ከረመች። አዲሱ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ ተጠራጠሩና አሥር ማሰሪያ በጣቷ አሳስረው ጥብቀቱን በሚያሳይ መለኪያ አንድ በአንድ ፈተሹት። አሥሩም ልክ ነበር። ሚዛን የተባለችው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ እኛ በመፍቻ፣ እሷ በጣቷ፤ ደፍሮ የተናገራት የለም። ጎብኚ ሲመጣ ጣቷን እናሳይ ነበር እንጂ። ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ነው፣ የእኔም ጭምር።

ባለፈው ዓመት፣ ሐይቁ ላይ ጀልባ የሚበዛበት ወቅት ሊገባ ወር ተኩል ሲቀረው፣ ጠርታ ስክሪኗን አሳየችኝ። የእያንዳንዱ ሳጥን አራት ጆሮ በዓመታት ውስጥ ምን እንደመሰለ በመስመር ተሥሎ ነበር። ሦስቱ መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አራተኛው ግን ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ ወደ ታች ያዘነብላል፤ የአንድ ሳጥን ብቻ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የለካቻቸው የሃያ ሁለቱም ነው። ሃያ ሁለት ሰው በአንድ ሰሞን በአንድ ጆሮው ይደነቁራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይደነቁርም አልኳት። እንግዲያው በሽታው ከሳጥኖቹ ሳይሆን ከዚህ ክፍል ነው አለች። የተጨነቀች አትመስልም ነበር። እንዲያውም ፊቷ ፈክቶ ነበር ብል ይሻላል፤ ሌባ ቤቱ ውስጥ እንዳለና በሩ እንደተቆለፈ የምታውቅ ትመስል ነበር።

በአራተኛው ጆሮ ላይ የምትጠቀምበትን ሰባት ቁጥር ኬብል በአዲስ ቀየረችው፤ ማዘንበሉ አልቀረም። ምልክቱ ከመለኪያው የሚወጣበትን ቀዳዳ አቀያየረች፤ አልቀረም። ማሞቂያውን አጥፍታ ሞከረች፣ አብርታ ሞከረች። በሦስተኛው ቀን እኔ ሰልችቶኝ ሳጥኖቹ ናቸው በቃ ስላት፣ ወደ መጋዘንህ ሂድ አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሳጥን ለልኬት እያዘጋጀች ገባሁ። ሦስቱን ጆሮ አስራ አራተኛውን ልትጀምር ስትል ባሏ ደወለ። መነጽሯን ቤት ረስታው ኖሮ፣ ከተራው በፊት ይዞላት በር ላይ መጥቷል። አራተኛዋን አንተ እሰራትና ልኬቱን አስጀምረው ብላኝ ወጣች። እኔ የእሷ ዓይነት ጣት የለኝም። መፍቻውን አነሳሁ፣ ቀጭ አለ፣ አስጀመርኩት።

መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ እየወለወለች ተመለሰች፣ ስክሪኑን አየች፣ ቆመች። አራተኛው ጆሮ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ነበር። አራቱንም ፈታች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ እንደ ልማዷ በጣቷ አሰረች፤ ለካች፤ አራተኛው አዘነበለ። አራተኛዋን ፍታና እሰር አለችኝ። በመፍቻ አሰርኩ፤ ቀጥ አለ። ስድስት ጊዜ ተፈራረቅን። በሦስተኛው ላይ ነገሩ ገብቶኛል፤ እሷ ግን ከእኔ በፊት እንደገባት ከአንገቷ አውቄያለሁ።   መፍቻውን ጥዬ ብወጣ ደስ ባለኝ ነበር። እሷ ንጹሕ ወረቀት አወጣችና ቀኑን ጻፈች።

ከዚያ ያደረገችው ለማንኛውም ሳጥን የምታደርገውን ነው። ጥብቀት የሚያሳየውን መለኪያ እኔ ዘንድ ፈርማ ወስዳ፣ ጠዋት ሃያ ዙር፣ ከምሳ በኋላ ሃያ ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር አራት ማሰሪያ በጣቷ አሰረች። እኔ ቁጥሩን አነብባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ልክ ናቸው። አራተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ይከዳታል፣ ማሰሪያው ላልቶ ይቀራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የባሰ ነው። ኬብሉንም ቀዳዳውንም ስትቀያይር አንድ ያልቀየረችው ነገር የምታስርበት ተራ ነበር። ያምሽ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አያምም፣ አውራ ጣቷ ግን ጥቂት ወር ሆኖታል፣ ይደነዝዛታል፤ እንዲህ ነው የነገረችኝ። የሹራቧን ቁልፍ ባሏ ነው የሚቆልፍላት። ከብርዱ ነው ብለው ተውት።

አሁን የራሴን ጉድ ላውራ። የሚያሰጋው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ሃያ ሁለት የምስክር ወረቀት ላይ ፊርማዋ አለ፤ የለካው እጅ ልክ አልነበረም ከተባለ ከዚያ ጠረጴዛ መነሳቷ ነው። ሚዛንን ያለ ጠረጴዛዋ ማሰብ አቃተኝ። በሩን ዘጋሁና፣ ሰባት ቁጥር ኬብል የተበላሸ ነበር እንበል አልኳት። ኬብሉን አስወግዳለሁ፣ ወረቀቱን እኔ አዘጋጃለሁ፣ ሳጥኖቹም በኬብሉ ምክንያት ተመልሰው ይለካሉ፤ ማንም አይጎዳም። ከልቤ ነበር የተናገርኩት፤ ሌሊቱን ሁሉ ባሰላው ከዚህ የተሻለ አላገኝም ነበር።

«ኬብሏ ምን አደረገችኝ?» አለች።

«ሚዛን፣ ቀልድ አይደለም።»

«እኔስ መች ቀለድኩ? ኬብሏ ደህና ናት፣ ለክቻታለሁ። እሷን ጥለን ሰኞ በአዲስ ኬብል ያንኑ ስህተት እጽፋለሁ። እዚያ ሐይቁ ላይ ሆኖ የሚጣራው ሰው እኮ የኔ ክብር ምን ያደርግለታል?» ሰባት ቁጥርን ጠቅልላ አስቀመጠችና፣ «ደግሞ አንተ መዋሸት አትችልም፤ ፊትህ ላይ ይጻፋል» አለችኝ።

አፈርኩ። እግዜር ይስጣት፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀንም አላነሳችብኝም።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ አብረን ገባን። እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ማብረድ ይወዳሉ። ወረቀቱን ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የተዛነፈ ከሆነ፣ አማካዩን ወስደን ከሁሉም ፋይል ላይ እናርመው፤ ፋይሉን በኔትወርክ እንላክላቸው፤ ሳጥኖቹ ከቦታቸው ባይነሱስ አሉ። ሚዛን ወረቀቱን ገለበጠችላቸው። ጠዋት የተለካው በጥቂቱ ነው የተዛነፈው፤ ከምሳ በኋላ የተለካው ብዙ ተዛንፏል፤ በመሃል ያለው በመሃል ነው። አማካዩን ብናርም በጥቂቱ የተዛነፉትን የባሰ እናበላሻለን አለች።  ሥራ አስኪያጁ ለጣቢያዎቹ የሚላከውን ደብዳቤ ራሷ እንድትጽፍ ነገሯት።

ጻፈች። የስህተቱ ምክንያት በሚለው ቦታ «የለኪዋ ቀኝ እጅ» ብላ ነው የጻፈችው። ሥራ አስኪያጁ «የሰው ስህተት» ብለው ሊያለሳልሱት ፈልገው ነበር፤ የቱ ሰው፣ የቱ ስህተት ብላ አልፈቀደችላቸውም።

የሐይቁ ጣቢያዎች ኃላፊ ደብዳቤው በደረሳቸው ዕለት ደውለው የሥራ አስኪያጁን ጆሮ አደነቆሩት። እውነት አላቸው፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እጮህ ነበር። ደግነቱ በእነዚያ ወራት የጠፋ ጀልባ አልነበረም። ሃያ ሁለቱን ሳጥን በጭነት መኪና ሰደዱና፣ ወቅቱ ሳይገባ እንዲመለስላቸው፣ ያ እጅ ደግሞ ሁለተኛ ሳጥናቸውን እንዳይነካ በደብዳቤ ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አንብበውልን ወሰኑ። ሃያ ሁለቱን እኔ እያሰርኩ እሷ እያነበበች እንጨርሳለን፤ እሱ ሲያልቅ ሚዛን ወደ መዝገብ ክፍል ትዛወራለች፣ ሌላ ለኪ ይፈለጋል። ሐኪምም በዚያው ሰሞን አይቷት ነበር። የእጅ አንጓዋ ላይ ነርቭ ተጨንቋል፤ ትንሽ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፤ መልሶ እንደ ድሮው ይሁን አይሁን እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ እስከዚያው ቀኝ እጇን እንዳታስቸግረው አዟታል።

ሁለት ሳምንት እጇን ወደኋላ አጣምራ አጠገቤ ቆመች። እኔ አስራለሁ፣ ቀጭ ይላል፤ እሷ ታነብባለች፣ ትጽፋለች። ከእሷ ይልቅ እኔ ነበርኩ የተበሳጨሁት። ሥራ አስኪያጁን በኮሪደር ሳገኛቸው ሰላምታዬን ከአንገት በላይ አደረግሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ነፍስ የጠበቀች ሴት፣ ስህተቷን ራሷ አግኝታ ራሷ ስለተናገረች መዝገብ ክፍል አቧራ ልታራግፍ ነው? ይህን ለእሷም አልኳት። ስምንት ቁጥር ሳጥን ላይ ሦስተኛውን ጆሮ አጣምመህ አስገብተሃል፣ ፍታው አለችኝ። እውነትም አጣምሜው ነበር።

የመጨረሻው ሳጥን ዓርብ አለቀ። የሃያ ሁለቱም አራተኛ ጆሮ ቀጥ ብሎ ነበር። ጭነት መኪናው ወጣ። ሚዛን ከመሄዷ በፊት አንድ መፍቻ፣ ጥብቀት መለኪያውንና አንድ የተጣለ ሳጥን ከነኬብሎቹ እኔ ዘንድ ፈርማ ለቅዳሜና እሁድ ወሰደች። ለምን እንደሆነ ልጠይቃት አልደፈርኩም፤ ለማስታወሻ ትመለከታቸው ይሆናል ብዬ ሆድ ባሰኝ።

ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት መስኮቴ ላይ ቆመች። ሥራ አስኪያጁ መዝገብ ክፍሉን ሊያስረክቧት ከኋላዋ ነበሩ፤ ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው።

«ሁለት ካርድ ክፈትልኝ» አለች።

በእኛ ቤት የሚለካ ነገር ሁሉ ካርድ አለው፤ ስሙ፣ ቁጥሩ፣ የፍተሻው ውጤት፣ በሥራ ላይ ይሁን፣ በጥገና ላይ ይሁን ወይስ የተወገደ፣ ከታች የኃላፊ ፊርማ። የምን ካርድ ብዬ ጠየቅኋት።

«የመጀመሪያው የቀኝ እጅ። ቁጥር አንድ። ውጤቱን ታውቀዋለህ፣ አንተ ነህ ያነበብከው።»

ጻፍኩ። ሦስቱ አማራጮች ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። የቱን ልበል ብዬ ቀና ስል ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አልደብቀውም።

«በጥገና ላይ በል። የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆርጧል፤ ድጋሚ ፍተሻ ከሦስት ወር በኋላ። አሁን ሁለተኛውን ክፈት፤ ግራ እጅ፣ ከመፍቻ ጋር።»

የታጠፈ ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ መስኮቱ ላይ ዘረጋችው። ቅዳሜ ሃያ ዙር ጠዋት፣ ሃያ ዙር ከምሳ በኋላ፤ እሁድም እንደዚያው። በእያንዳንዱ ዙር አራት ማሰሪያ፤ አንዳንዴ ከአንደኛው፣ አንዳንዴ ከአራተኛው እየጀመረች። ቁጥሮቹ በትልልቅ የአውቶቡስ ነጂ ጽሕፈት ነበር የተጻፉት። ባሏ ሁለቱን የዕረፍት ቀኑን ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጽፍላት ነው ያሳለፈው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች መፍቻውን አዘንብላ በመያዟ የተበላሹ ነበሩ፤ አልሰረዘቻቸውም፣ እዚያው አሉ። ከአሥራ አንደኛው ጀምሮ አንድም የሳተ የለም።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና እሷ የመለሰችልኝን ጥብቀት መለኪያ እንዳመጣ አዘዙኝ። መስኮቴ ላይ፣ ዓይናቸው ሥር፣ በግራ እጇ ስምንት ማሰሪያ አሳሰሯት። ሚዛን አልቸኮለችም። ስምንቴ ቀጭ አለ፣ ስምንቴ አነበብኩ፤ ሁሉም ልክ ነበር።

«ኃላፊው ያ እጅ አይንካብን ብለዋል» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«አይነካም፣ ጋሼ። ካርዱ ላይ በጥገና ላይ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ብዕሬን ተቀበሉኝና ሁለተኛው ካርድ ላይ «በሥራ ላይ» የሚለውን ራሳቸው አሰመሩበት፤ ከሥሩም፣ ሚዛንን ጨምሮ ማንም ለኪ ያለ መፍቻ እንዳያስር ጽፈው ፈረሙ። ለሐይቁ ኃላፊ የሁለቱም ካርድ ቅጂ በዚያው ቀን እንዲላክ አዘዙ። እኔ ካርዶቹን ከሌሎቹ ጋር በተራቸው አስገባሁ። ሚዛን መፍቻውን በግራ እጇ ይዛ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች።